ለባል ዋስ መሆን

በዛሬው ጊዜ ልጆቻቸው በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩባቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። አንዷ ልጅ ቶሮንቶ ትሆናለች፣ ወንድሟ ዋሺንግተን፣ የአክስቷ ልጅ ደግሞ ሲያትል። እነዚህ ወጣቶች በሠርግና በለቅሶ፣ ወይም በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ግድም በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ላይ ይገናኛሉ፤ ይተዋወቃሉ፤ ሽማግሌ ይልካሉ። ሠርጉም ይደረጋል። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል። እሷ የካናዳ ዜጋ ናት፤ እሱ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ጎጆው የሚቀለሰው የት ነው?

እዚህ ያለን ዘመዶች ነገሩን ቀላል አድርገን እናየዋለን። ድንበሩ በድልድይ የሚሻገሩት ነው፣ ለአሜሪካዊ ደግሞ የማይከፈት በር የለም እንላለን። ስለ ድንበሩ የተባለው እውነት ነው። አሜሪካዊ ለጉብኝት ወደ ካናዳ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም፤ አብዛኛውን ጊዜም እስከ ስድስት ወር መቆየት ይችላል። ገብቶ መኖርና መሥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካናዳዊት ስላገባ ብቻ ዜግነት አያገኝም፤ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድም በራሱ አይመጣለትም። ሚስቱ ስፖንሰር ልትሆነው፣ በአማርኛችን ዋስ ልትሆነው ያስፈልጋል።

ይህን ርዕስ ለዛሬ የመረጥነው ቶሮንቶ የምትኖር አንዲት እህት በጻፈችልን ደብዳቤ ምክንያት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባሏ እዚህ ተወልዶ እዚያ ያደገ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለው፣ በቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው። ቅጹን ልትሞላ ተቀምጣ ፊርማ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ባሏን አልተጠራጠረችውም። ነገር ግን ከፈረመች በኋላ ትዳሩ ባይሰምር ምን እንደሚከተላት ማወቅ ፈለገች። አማቷ ይህን ሲሰሙ ገና በጫጉላ ጊዜ ፍቺ ታነሣለች ብለው አዘኑባት። በእኛ በኩል እናትየው ባይቀየሙ ደስ ይለናል። ሰው ለሌላ ሰው ዋስ ሲሆን የዋስትናውን ልክ መጠየቅ በአገራችንም የቆየ ደንብ ነው፤ ለባል ሲሆን የሚቀርበት ምክንያት አይታየንም።

ስፖንሰር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ለኳስ ቡድን ማልያ ከሚገዛ ድርጅት ጋር እየተያያዘ ትርጉሙ ላልቷል። ብዙ ሰዎችም የጥሪ ወረቀት መላክ ይመስላቸዋል። በካናዳ ሕግ ግን ነገሩ ጠንከር ያለ ውል ነው። ሚስቲቱ ሁለት ነገር ትፈርማለች። አንደኛው ከባሏ ጋር የምትገባው ስምምነት ነው። ሁለተኛውና ዋናው ለመንግሥት የምትገባው ግዴታ ነው። በዚህም ባሏ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን አንሥቶ ለሦስት ዓመት ምግቡን፣ ልብሱን፣ መጠለያውን፣ እንዲሁም የሕዝብ የጤና መድን የማይሸፍነውን የጥርስና የዓይን ሕክምና ወጪ እንደምትችል ቃል ትገባለች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ባል የማኅበራዊ ርዳታ ገንዘብ ከተቀበለ፣ ያ ገንዘብ የእሷ ዕዳ ይሆናል። መንግሥትም ሊጠይቃት ይችላል።

እህታችን ለጠየቀችው መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። ቢለያዩ ግዴታው አይቀርም። ቢፋቱም አይቀርም። እሱ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ እሷ ከሥራ ብትወጣ፣ እሱ ከጊዜ በኋላ ዜግነት ቢያገኝ እንኳ ሦስቱ ዓመት እስኪሞላ ፊርማዋ እንደጸና ይኖራል። ሐሳቧን መለወጥ የምትችለው የባሏ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ብቻ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ማስፈራሪያ እንዳይመስል አንድ ፍርድ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማቪ በተባለው መዝገብ የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የስምንት ዋሶችን ጉዳይ አይቶ ነበር። ሁሉም ዘመዶቻቸውን ያስመጡ፣ ዘመዶቻቸውም በኋላ በኦንታሪዮ የመንግሥት ርዳታ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ዋሶቹ ችግራችን ታይቶ ዕዳው ይሰረዝልን ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ዕዳውን ሲያስከፍል ተከፋዩን ሊያስጠነቅቀውና ሁኔታውን ሊሰማው እንደሚገባ፣ ክፍያውንም ሊያዘገይለት እንደሚችል ተቀበለ። ዕዳውን ጨርሶ መማር ግን አይቻልም አለ። በድሮው ደንብ ለትዳር ጓደኛ የሚገባው ግዴታ 10 ዓመት ይቆይ እንደነበር ስናስብ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ወደ ሦስት ዓመት ማውረዱ ትልቅ ማቅለል ነው። ድንበሩን ተሻግረን ወደ አሜሪካ ብንሄድ እንኳ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። እዚያ ለትዳር ጓደኛ የሚፈረመው ዋስትና በዓመት የተገደበ አይደለም። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም ለ40 ሩብ ዓመት ያህል የሚቆጠር ሥራ እስኪሠራ ይዘልቃል፤ ፍቺም አያቋርጠውም። ስለዚህ ባልና ሚስት የት እንኑር ብለው ሲመካከሩ ይህንንም ከቤት ኪራይና ከደመወዝ ጋር ቢያመዛዝኑት መልካም ነው።

ዋስ ለመሆን ማን ይችላል? ዕድሜዋ ከ18 ያላነሰ፣ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነች ትችላለች። ቋሚ ነዋሪ ከሆነች በካናዳ ውስጥ መኖር አለባት። ዜጋ ከሆነች ግን በውጭ አገር፣ ለምሳሌ ከባሏ ጋር በአሜሪካ ብትኖርም፣ እሱ ፈቃዱን ሲያገኝ አብራ እንደምትመለስ ካስረዳች ማመልከት ትችላለች። ደመወዟ ትንሽ የሆነ እህቶች ብዙ ጊዜ በከንቱ ይሰጋሉ። ለትዳር ጓደኛ ሲሆን በጠቅላላው የተወሰነ የገቢ መጠን አይጠየቅም። የሚያግደው ሌላ ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት ካልሆነ በቀር የማኅበራዊ ርዳታ የምትቀበል፣ በኪሳራ ተይዛ ገና ያልተለቀቀች፣ ወይም ቀድሞ ላመጣችው ሰው የገባችውን ግዴታ ያላሟላች ሴት ዋስ መሆን አትችልም። እሷ ራሷ በፊተኛ ባሏ ዋስትና ወደ ካናዳ የገባች ከሆነች ደግሞ ቋሚ ነዋሪ ከሆነች አምስት ዓመት እስኪሞላት ሌላ የትዳር ጓደኛ ማምጣት አትችልም። ይህ ደንብ ከ2012 ወዲህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ፤ የእኛ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉበት እዚህ ላይ ነውና። መርማሪው የሚጠይቀው ትዳሩ እውነተኛ ነው ወይስ ለፈቃዱ ሲባል የተደረገ ነው ብሎ ነው። ከሁለት አንዱ ካላሳመነው ማመልከቻውን ይጥለዋል። የሠርግ ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃውም። የተጻጻፉትን፣ የተጠያየቁበትን የጉዞ ቲኬት፣ አንዱ ለሌላው የላከውን ገንዘብ፣ በጋራ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ቤተ ዘመዱ ሠርጉን ማወቁን ያያል። ጋብቻው ሲፈጸም ሁለቱም ሰዎች በአካል መገኘታቸውም ግድ ነው። ከ2015 ጀምሮ በውክልና ወይም በስልክ የተደረገ ጋብቻ ለዚህ ጉዳይ አይቆጠርም። እዚህ አገር ሙሽራው በሌለበት ወንድሙ ቀለበት ተቀብሎ የተደረገ ሠርግ ለቤተሰብ ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ለካናዳ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ግን ጋብቻ አይደለም።

የስማችንም ነገር አለ። በፈረንጅ ዓይን አንድ ቤተሰብ አንድ የቤተሰብ ስም አለው። የእኛ ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ባል በአባቱ፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ በባልየው ስም። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ እነዚህ ሰዎች ዝምድናቸው ምንድን ነው ብሎ ይጠራጠራል። ስማችን በባህላችን እንዴት እንደሚወጣ በአጭር ደብዳቤ ገልጾ ከቅጹ ጋር ማያያዝ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የአባት ስም ፊደል አጻጻፍም በፓስፖርቱ፣ በልደት ማስረጃውና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። «ገብረ» በአንዱ ወረቀት ለብቻው ተጽፎ በሌላው ከተከታዩ ጋር ተጣብቆ ሲገኝ ሁለት ሰው የሚመስለው ብዙ ነው።

ከዘመን አቆጣጠራችን የሚመጣው ስሕተትም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 1990 የተወለደ ነው። አንዱ ወረቀት በእኛ፣ ሌላው በእነሱ አቆጣጠር ከተጻፈ አንድ ሰው በስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት የልደት ቀኖች ይኖሩታል። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ሲተረጎም ተርጓሚው ቀኑን በትክክል መመለሱን ባለቤቱ ራሱ ቆጥሮ ያረጋግጥ።

ማመልከቻው የሚቀርብበት መንገድ ሁለት ነው፤ ለአሜሪካዊ ባል ምርጫው ከባድ ትርጉም አለው። አንደኛው ባል ካናዳ ገብቶ ከሚስቱ ጋር እየኖረ የሚያመለክትበት ነው። ሁለተኛው እንደ ውጭ አገር ነዋሪ የሚያመለክትበት ነው። በመጀመሪያው መንገድ አብረው መኖራቸው ግድ ነው። በመካከሉ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ ድንበር ላይ መመለስ ቢከለከል ማመልከቻው ሊወድቅበት ይችላል። ተቀባይነት ቢያጣም ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ክፍል ማመልከት አይቻልም፤ የሚቀረው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን ባል ሥራውን ሳይለቅ፣ በጎብኚነት እየመጣና እየሄደ ውሳኔውን መጠበቅ ይችላል። ውሳኔው ቢከፋም ሚስት ይግባኝ የማለት መብት አላት። ቪዛ ለማያስፈልገው አሜሪካዊ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይመቻል። ሥራው የማያስቀረው፣ ከሚስቱ መለየትም የማይፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በካናዳ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ቆሞ ያመለከተ የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላልና። ፈቃዱ ሳይደርስ በአንድ ዘመድ ምግብ ቤት ወይም ታክሲ ላይ መሥራት ግን ሁሉንም ነገር የሚያበላሽ ነው።

ባል በጎብኚነት ሲመጣ ድንበር ላይ የሚጠየቀውን ይወቅ። ከዲትሮይት ወደ ዊንዘር በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ወይም ከበፋሎ ማዶ ፎርት ኢሪ ላይ የቆመው ሠራተኛ ማወቅ የሚፈልገው፣ ይህ ሰው ፈቃድ ቢከለከል ይመለሳል ወይ የሚለውን ነው። ለመኖር ማመልከቱን መናገር አያስወነጅለውም፤ ሕጉ ሰው አሁን ለጉብኝት፣ ወደፊት ለመኖር ማሰብ ይችላል ይላል። የቤት ኪራይ ውሉን፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ይዞ እውነቱን ቢናገር ይሻላል። ፍራሽና ድስት በመኪናው ጭኖ «ለቅዳሜና እሑድ ነው የመጣሁት» የሚል ግን የተመለሰ እንደሆነ ማንን ይወቅሳል?

አሜሪካውያን ባሎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰናክለው ያልጠበቁት ነገር ነው፤ ይኸውም ጠጥቶ መንዳት። አመልካች ከአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከኤፍ.ቢ.አይ. በጣት አሻራ የሚወጣ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ላለፉት 10 ዓመታት ስድስት ወር ያህል በተከታታይ የኖረበት ሌላ አገር ካለም ከዚያ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። በአሜሪካ ጠጥቶ በመንዳት መቀጣት በብዙ ክፍለ ግዛቶች ቀላል ጥፋት ይባላል። ካናዳ ግን የምትለካው በራሷ ሕግ ነው። ከታኅሣሥ 2018 ወዲህ ይህ ጥፋት በካናዳ እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ስለሚችል ከከባድ ወንጀል ተቆጥሯል። ስለዚህ ባል በወጣትነቱ ያጋጠመውን አንድ ሌሊት ለሚስቱ ሳይነግር ቢቀር፣ የምታውቀው ከእሱ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን በሚመጣ ደብዳቤ ይሆናል። ቅጣቱ ከተፈጸመ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው መታረሙን አስረድቶ ማመልከት ይችላል። መደበቅ ግን ውሸት ይባላል፤ ውሸት ደግሞ አምስት ዓመት ከማመልከት ያግዳል። በሕመም በኩል ግን ሐሳብ አይግባችሁ። የትዳር ጓደኛ ሕክምናው ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ተብሎ አይከለከልም።

ሌላው የሚደበቅ ነገር ልጅ ነው። ባል ከቀድሞ ትዳሩ ወይም ከትዳር ውጭ የወለደው ከ22 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ ካለው፣ ልጁ ከእናቱ ጋር የሚኖርና ወደ ካናዳ የማይመጣ ቢሆን እንኳ ስሙ መጻፍና በሐኪም መታየት አለበት። ያልተጻፈ ልጅ ወደፊት በቤተሰብ ስም ሊመጣ አይችልም። ይኸው ደንብ በሚስቶችም ላይ ይሠራል። ካናዳ ስትገባ «አላገባሁም» ብላ የፈረመች ሴት፣ በዚያን ጊዜ አግብታ ከነበረ፣ ያንኑ ባሏን ኋላ ማምጣት ይሳናታል። በ2019 ለስደተኞችና ለአንዳንድ ሌሎች ሰዎች ጊዜያዊ ማቃለያ ተደርጎ ነበር፤ የማይመለከታቸው ግን ብዙ ናቸው። አሜሪካዊት እንጀራ ልጅ መኖሯን በቅጽ ላይ አንብባ ያወቀች ሙሽራ ምን እንደሚሰማት አንባቢያን ይገምቱ።

እስካሁን ሚስት ዋስ፣ ባል መጤ አድርገን ተናገርን። ተገላቢጦሹም አለ። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ባሏ ዘንድ የምትሄድ እህት ማወቅ ያለባት፣ ፈቃዷ በባሏ ኪስ ውስጥ አለመሆኑን ነው። ከ2012 እስከ 2017 ድረስ ካናዳ አዲስ የትዳር ጓደኛ ለሁለት ዓመት አብሮ ካልኖረ ፈቃዱን ሊያጣ የሚችልበት ደንብ ነበራት። ይህ ደንብ በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶችን ቤት ውስጥ ያስራል ተብሎ በብዙ ሰዎች ተነቀፈ፤ በ2017ም ተሻረ። ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የሆነች ሴት ከሚበድላት ባል ብትለይ ከአገር አትባረርም። ፈቃዷ ገና ያልደረሰላትና በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። «አስባርርሻለሁ» እያለ የሚያስፈራራ ባል ሕጉን አያውቀውም፤ ወይም እያወቀ ይዋሻል።

የሴት መብት በዚህ ጉዳይ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በወጣው የአሜሪካ ሕግ አሜሪካዊት ሴት የውጭ አገር ሰው ካገባች ዜግነቷን ታጣ ነበር፤ ይህ መስተካከል የጀመረው በ1922 ነው። የዲትሮይት ልጅ ወንዙን ተሻግራ የዊንዘር ሰው ብታገባ በጋብቻዋ ዕለት በትውልድ አገሯ ባዕድ ትሆን ነበር ማለት ነው። በካናዳም ሴት የባሏን ዜግነት መከተሏ የቀረው በ1947 ሥራ ላይ በዋለው የዜግነት ሕግ ነው። በአገራችንም በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ባዕድ ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን እንድታጣ ያደርግ ነበር። ዛሬ ሚስት ለባሏ ዋስ መሆኗን እንደ ቀላል ነገር ስናወራ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ባጭሩ እንናገር። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የተወሰነው ክፍያ ለዋስትናው 85፣ ለማመልከቻው 545፣ ለነዋሪነት መብት 575፣ በድምሩ 1,205 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ለጣት አሻራ ደግሞ 85። ክፍያው ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚሻሻል ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሐኪም፣ የትርጉምና የፖሊስ ማስረጃ ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን በ12 ወር ለመጨረስ ያስባል፤ ከዚያ የሚያልፍበት ጊዜም ብዙ ነው። በኩቤክ የምትኖር እህት ይበልጥ ትታገሥ። ኩቤክ የራሷን ግዴታ ታስፈርማለች፤ በ2024ም ለሁለት ዓመት በሚቀበሉት የቤተሰብ ማመልከቻ ቁጥር ላይ ገደብ ጥላ ነበር።

ፈቃዱ ሲመጣ ባል ዕቃውን ጠቅልሎ ይገባል። ይዞ የሚመጣውንና በኋላ የሚከተለውን ዕቃ ሁሉ ጽፎ ለጉምሩክ ከሰጠ በአብዛኛው ቀረጥ አይከፍልም። ሽጉጥ ያለው ባል ግን እዚያው አሜሪካ ሸጦት ይምጣ፤ ካናዳ ከ2022 ጀምሮ ሽጉጥ ለግለሰብ እንዳይገባ ከልክላለች። የጤና መድኑም በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር እስከ ሦስት ወር ሊያስጠብቅ ስለሚችል ለዚያ ጊዜ የግል መድን ቢገዛ ይመከራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሚስትን በቀጥታ የሚነካ ሆኖ ሳለ በሠርግ ሰሞን የሚያነሣው የለም። አሜሪካ ዜጎቿን በየትም ይኑሩ በየት ግብር ታስታውቃቸዋለች። ባል ቶሮንቶ ገብቶ ለካናዳ ግብር እየከፈለም በየዓመቱ ለአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። ሁለቱ አገሮች ስምምነት ስላላቸው ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ አይከፍልም፤ ማስታወቁ ግን አይቀርም። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ባንኮች ያለው ገንዘብ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር ካለፈም ሒሳቦቹን ለይቶ ማስመዝገብ አለበት። በባልና በሚስት ስም በጋራ የተከፈተ ሒሳብ ከዚህ ይቆጠራል። እሷ ከመጦሪያ ቤቱ ደመወዝ ለዓመታት ያጠራቀመችው፣ የዕቁብ ገንዘቧ ሳይቀር፣ በጋራ ሒሳብ ውስጥ ከገባ ለአሜሪካ መንግሥት ይታወቃል። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማስረዳት የጋራ ሒሳብ ይረዳል ብለናል። ለዚያ የዕለት ወጪ የሚወጣበት አንድ ሒሳብ ይበቃል፤ የራሷን ቁጠባ በራሷ ስም ብታቆየው ማንም መርማሪ አይቀየማትም።